በብራውዘር የሚጀመረው የሳይበር ደህንነት ልምምድ፦ የተከፈተው በርና የማይታለፈው ድንበር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን 2012 በሳዑዲ አረቢያው የነዳጅ ኩባንያ አራምኮ ውስጥ ወደ 30 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒውተሮች ከአገልግሎት ውጭ ሆኑ። ሻሙን የሚል ስያሜ የተሰጠው አጥፊ ፕሮግራም በረመዳን ወር፣ አብዛኛው ሠራተኛ ከሥራ ገበታው በራቀበት ወቅት፣ በኮምፒውተሮቹ የተከማቸውን መረጃ ደምስሶ አለፈ። የነዳጅ ምርቱ ባይቋረጥም፣ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ የቢሮ ሥራ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ወረቀትና ፋክስ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት የባሕረ ሰላጤው አገራት የሳይበር ደህንነትን ከቴክኒክ ክፍል ጉዳይነት አውጥተው የብሔራዊ ደህንነት አጀንዳ አድርገውታል። ሳዑዲ አረቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ባለሥልጣንን አቋቁማለች። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2020 መገባደጃ የሳይበር ደህንነት ምክር ቤት እንዲመሠረት ወስናለች። ባንኮች፣ ሆስፒታሎች፣ አየር መንገዶችና የመንግሥት አገልግሎቶች ወደ ዲጂታል ሥርዓት በገቡ ቁጥር እነርሱን የሚጠብቅ ባለሙያ ፍላጎትም አብሮ አድጓል።

ይሁን እንጂ ተቋም በአዋጅ ይቋቋማል፤ ባለሙያ ግን በአዋጅ አይፈጠርም። ሙያው ልምምድ ይጠይቃል፤ ልምምዱ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ኃይለኛ ኮምፒውተር መግዛት ለሚችሉና ዩኒቨርሲቲ ለገቡ ሰዎች የተወሰነ ነበር። አሁን ያ ሁኔታ በመለወጥ ላይ ነው። በአንድ የድረ-ገጽ ማሰሻ፣ ማለትም በብራውዘር ብቻ የሚከፈቱ የሳይበር ደህንነት የልምምድ ላቦች ተስፋፍተዋል። በዱባይ፣ በአቡዳቢ፣ በሪያድም ሆነ በቤይሩት ከሥራ ሰዓት ውጭ ራሳቸውን ለማስተማር የሚጥሩ አማርኛ ተናጋሪዎችም ወደዚህ መስክ ዓይናቸውን ማማተር ጀምረዋል። በሩ በእርግጥ ተከፍቷል። ነገር ግን በሩ ወዴት እንደሚያደርስና የትኛው መስመር እንደማይታለፍ ሳያውቁ መግባት፣ በተለይ በሰው አገር ለሚኖር ሠራተኛ፣ ዋጋው ከባድ ሊሆን ይችላል።

ከከባድ ማሽን ወደ አንድ ገጽ

የሳይበር ደህንነት ትምህርት ከሌሎች የኮምፒውተር ትምህርቶች የሚለይበት አንድ ባሕርይ አለው። ጥቃትን ለመከላከል ጥቃቱ እንዴት እንደሚፈጸም በእጅ ሞክሮ ማየት ያስፈልጋል። ሙከራውን ፈቃድ ባልሰጠ ድርጅት ላይ ማድረግ ግን ወንጀል ነው። መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ በገበያ መሃል ሳይሆን በተከለለ ሜዳ እንደሚለማመድ ሁሉ፣ የዚህ ሙያ ተማሪም ቢሳሳት ማንንም የማይጎዳበት የተከለለ ቦታ ያሻዋል።

ቀደም ባሉት ዓመታት ይህን ቦታ ተማሪው ራሱ መሥራት ነበረበት። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ምናባዊ ኮምፒውተሮችን የሚፈጥር ፕሮግራም ይጭናል። በአንደኛው ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ የሆነውንና በሙያው በስፋት የሚታወቀውን ካሊ ሊኑክስ ያስቀምጣል። በሌላው ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ ክፍተት የተተወበት ማሽን ያዘጋጃል። ከዚያም ሁለቱን በውስጥ መረብ ያገናኛል። ይህ ሁሉ እንዲሠራ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ያለው ኮምፒውተር፣ በርካታ ጊጋባይት የሚወርድበት ኢንተርኔትና ከሁሉ በላይ ትዕግሥት ያስፈልግ ነበር። ብዙ ጀማሪዎች አንድም ትምህርት ሳይጀምሩ በመጫን ላይ እያሉ ተስፋ ቆርጠዋል።

በብራውዘር የሚሠሩት ላቦች ይህን ሸክም ከተማሪው ትከሻ አውርደውታል። አጥቂው ማሽንም ሆነ ተጠቂው ማሽን የሚገኙት በአገልግሎት ሰጪው የመረጃ ማዕከል ውስጥ ነው። ተማሪው አንድ ቁልፍ ሲጫን ማሽኖቹ ለእርሱ ብቻ ይነሣሉ፤ በብራውዘሩ መስኮት የሚታየው የማሽኑ ገጽታ ነው፤ ከእርሱ የሚሄደውም የቁልፍ ሰሌዳና የማውስ ትእዛዝ ብቻ ነው። የተመደበው ሰዓት ሲያልቅ ማሽኖቹ ይጠፋሉ። የተበላሸ ነገር ቢኖር እንደገና በማስነሣት ከዜሮ መጀመር ይቻላል። በዚህ ምክንያት ከባዱን ሥራ የሚሠራው የተማሪው ላፕቶፕ አይደለም፤ ያገለገለና ርካሽ ላፕቶፕም ይበቃል።

በአብዛኞቹ ላቦች ተማሪው ክፍተቱን አግኝቶ መጠቀሙን የሚያረጋግጠው «ባንዲራ» ተብሎ በሚጠራ የተደበቀ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን አግኝቶ በመልስ ሳጥኑ ውስጥ ሲያስገባ ሥርዓቱ ራሱ ያርመዋል። አስተማሪ ሳይቀመጥ፣ የክፍል ሰዓት ሳይወሰን፣ በሌሊትም በዕረፍት ቀንም መማር የተቻለው በዚህ አሠራር ነው።

ጀማሪው ከየት ይነሣ?

የልምምድ መድረኮቹ ብዙ ቢሆኑም ሁሉም ለጀማሪ የተሠሩ አይደሉም። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመሠረተው ትራይሃክሚ ኮምፒውተር ከመጠቀም ያለፈ እውቀት ለሌለው ሰው የሚመች ነው። ትምህርቱ «ሩም» በሚባሉ አጫጭር ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ክፍል ንባብ፣ ጥያቄና ልምምድ ተቀናጅተው ይቀርባሉ። «ፕሪ ሴኪዩሪቲ» የተሰኘው የትምህርት መስመር ስለ መረብ፣ ስለ ድረ-ገጽ፣ ስለ ሊኑክስና ስለ ዊንዶውስ መሠረታዊ እውቀት ይሰጣል። «አታክቦክስ» የሚባለው የመለማመጃ ማሽን በብራውዘሩ ውስጥ ይከፈታል። በነጻ ለሚጠቀም ሰው በቀን የሚፈቀደው ሰዓት የተገደበ ነው፤ የተወሰኑ ክፍሎችም ለከፋዮች ብቻ የተተዉ ናቸው።

በአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ፒኮ-ሲቲኤፍ በመጀመሪያ የታሰበው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበር። ሙሉ በሙሉ ነጻ ከመሆኑም በላይ የሊኑክስ የትእዛዝ መስኮት በብራውዘር ውስጥ ያቀርባል። ለትምህርት ቤት ልጆች የተዘጋጀ መሆኑ አዋቂ ጀማሪን ሊያሳፍረው አይገባም። ጥያቄዎቹ ከቀላል እየተነሡ ስለሚከብዱ፣ ከሙያው ርቆ ለቆየ ሰው የተስማሙ ናቸው።

ሦስተኛው፣ ፖርትስዊገር የተባለው የብሪታንያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 የከፈተው «ዌብ ሴኪዩሪቲ አካዳሚ» ነው። ከ200 በላይ ላቦችን ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ትኩረቱ በድረ-ገጾችና በኢንተርኔት መተግበሪያዎች ላይ ብቻ ነው። አንዳንዶቹን ላቦች በብራውዘር ብቻ መፍታት ይቻላል። ብዙዎቹ ግን «በርፕ ስዊት» የተባለውን የኩባንያውን መሣሪያ ነጻ ቅጂ መጫን ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ሃክ ዘ ቦክስ ደግሞ «ፓውንቦክስ» በተባለ የብራውዘር ማሽን አማካይነት ልምምድ ቢሰጥም፣ አብዛኛው ይዘቱ መሠረቱን ላልጨረሰ ሰው ይከብዳል።

ከዚህ የሚወጣው ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ ስለ መረብና ስለ ሊኑክስ መሠረታዊ እውቀት፣ ቀጥሎ ድረ-ገጽ እንዴት እንደሚሠራ፣ ከዚያም ድረ-ገጽ እንዴት እንደሚሳሳት ማወቅ ይገባል። ይህን ገልብጦ በቀጥታ ወደ «ጠለፋ» የሚዘል ተማሪ ትእዛዞችን ከመገልበጥ አያልፍም፤ የገለበጠው ሳይሠራ ሲቀርም ለምን እንዳልሠራ አያውቅም።

የ1,337 ዶላር ጃኬትና የባንክ ሒሳብ

ላቦቹ የሚያስተምሩት ነገር ከዕለት ተዕለት ኑሮ የራቀ የሚመስለው ሰው በፖርትስዊገር አካዳሚ ውስጥ ያለውን አንድ ልምምድ ሊመለከት ይችላል። በላቡ ውስጥ ያለው ምናባዊ ሱቅ 1,337 ዶላር የተተመነ የቆዳ ጃኬት ይሸጣል። ተማሪው በሒሳቡ ያለው 100 ዶላር ብቻ ነው። ሱቁ የተሠራበት ፕሮግራም ግን አንድ ትልቅ ስሕተት አለበት። ዕቃው ወደ ግዢ ቅርጫት ሲገባ ዋጋውን የሚወስደው ከራሱ መዝገብ ሳይሆን ከገዢው ብራውዘር ከሚመጣው መልእክት ነው። ተማሪው መልእክቱ ሱቁ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ቁጥሩን ይለውጣል፤ ሱቁም አምኖ ይሸጥለታል።

ይህ ዓይነቱ ክፍተት በሙያው የአሠራር ሎጂክ ስሕተት ይባላል። ቫይረስ የለበትም፤ የይለፍ ቃል አልተሰረቀም፤ የተሰበረ ቁልፍም የለም። ሥርዓቱ መጠየቅ የነበረበትን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ቀረ፣ ያ ብቻ ነው።

ከመተግበሪያ ሱቅ ወደ እውነተኛ ባንክ ሲኬድ ተመሳሳይ ጥያቄ በኢትዮጵያ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ይታወሳል። በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የክፍያ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ እክል ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበራቸው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን ያስታወቀ ሲሆን፣ ያለአግባብ የተወሰደውን ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ አድርጎታል። ገንዘቡን ካወጡት መካከል በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት። ባንኩ እንዲመልሱ ጥሪ አቀረበ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪዎቻቸውን አሳሰቡ፤ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ።

ሁለቱ ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሳይበር ደህንነት ትምህርት ሁለት ገጽታ ጎልቶ ይታያል። አንደኛው ቴክኒካዊ ነው፤ ሥርዓት የሚፈተሸው «ይሠራል ወይ?» ተብሎ ብቻ ሳይሆን «ሊሠራ የማይገባውንስ ይከለክላል ወይ?» ተብሎም ጭምር ነው። ሁለተኛው የሥነ ምግባርና የሕግ ጉዳይ ነው። በዚያ ሌሊት «ማሽኑ ራሱ ሰጠኝ» ያለ ሰው ከተጠያቂነት አላመለጠም። ክፍተት መኖሩ ፈቃድ መኖሩን አያሳይም። በላቡ ውስጥ ጃኬቱን በአንድ ሳንቲም መግዛት ትምህርት ነው፤ በእውነተኛ ሱቅ ያንኑ ማድረግ ስርቆት ነው።

ብራውዘሩ ለባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ለምን ይለያል?

በሌላው ዓለም ለሚኖር ተማሪ የብራውዘር ላብ ምቾት ነው። በባሕረ ሰላጤው ለሚኖር ሠራተኛ ግን ከምቾት ያለፈ ትርጉም አለው። ምክንያቱ የግንኙነቱ አካሄድ ነው።

ብዙ የልምምድ መድረኮች ለተማሪው ሁለት አማራጭ ያቀርባሉ። አንደኛው የራሱን ኮምፒውተር በቪፒኤን ከላቡ መረብ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው በብራውዘር የሚከፈተውን ዝግጁ ማሽን መጠቀም ነው። በመጀመሪያው አማራጭ የቅኝትና የማጥቂያ መሣሪያዎቹ በተማሪው የግል ኮምፒውተር ላይ ይጫናሉ። አንድ የተሳሳተ ቁጥር ቢጻፍ፣ ወይም የቪፒኤኑ ግንኙነት ተቋርጦ ተማሪው ሳያስተውል ቢቀር፣ ለላቡ የታሰበው ቅኝት በሚኖርበት ቤት፣ በሠራተኞች መኖሪያ ወይም በአሠሪው መረብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። በሁለተኛው አማራጭ ግን የልምምድ ጥቃቱ የሚነሣውም የሚያርፈውም በአገልግሎት ሰጪው ማዕከል ውስጥ ነው። ከተማሪው ክፍል የሚወጣው ማንኛውንም ድረ-ገጽ ሲከፍት ከሚወጣው የተለየ አይደለም።

ሕጉም ይህን ልዩነት ትርጉም ያለው ያደርገዋል። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ አሉባልታንና የሳይበር ወንጀሎችን ለመከላከል ያወጣችው የ2021 የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 34 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት ወንጀል ለመፈጸም ወይም ወንጀሉ እንዳይታወቅ ለማድረግ የኢንተርኔት አድራሻውን በሌላ አድራሻ የቀየረ ሰው በእስራት፣ ከ500 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ድርሃም በሚደርስ የገንዘብ ቅጣት ወይም በሁለቱም ይቀጣል። ድንጋጌው የሚያተኩረው በወንጀል ዓላማ ላይ በመሆኑ ለሕጋዊ ትምህርት የሚደረግን ግንኙነት ሁሉ ወንጀል ያደርጋል ማለት አይደለም። ሆኖም አንድ ሠራተኛ ያለ ቪፒኤን መማር እየቻለ ራሱን ለማስረዳት ወደሚገደድበት ሁኔታ የሚገባበት ምክንያት የለም። ለጀማሪ የብራውዘሩ መንገድ ከሁሉ የጸዳው መንገድ ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ቃል፦ ፈቃድ

በሙያው ውስጥ ባለሙያንና ወንጀለኛን የሚለየው የእውቀት መጠን አይደለም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መሣሪያ ሊጠቀሙ ይችላሉ። የሚለያቸው የሥርዓቱ ባለቤት የሰጠው ፈቃድ ነው። በልምምድ ላብ ውስጥ ይህ ፈቃድ ተማሪው ሲመዘገብ በሚቀበለው ውል ላይ ተጽፏል፤ ፈቃዱም የሚሠራው ለተማሪው በተመደበው ማሽን ላይ ብቻ ነው። የመድረኩን ዋና ድረ-ገጽ ለመስበር መሞከር እንኳ ከፈቃዱ ውጭ ነው።

ከላቡ ሲወጡ ነገሩ ፍጹም ይለወጣል። በኤምሬትስ ሕግ ወደ ድረ-ገጽ ወይም ወደ መረጃ ሥርዓት ሰርጎ መግባት በራሱ በእስራት፣ ከ100 ሺህ እስከ 300 ሺህ ድርሃም በሚደርስ ቅጣት ወይም በሁለቱም ያስቀጣል፤ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሳዑዲ አረቢያ የሳይበር ወንጀል መከላከያ ሕግም መረጃ ለመደምሰስ ወይም ለመለወጥ ያለ ፈቃድ የገባን ሰው እስከ 4 ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ያስጠብቀዋል። በኢትዮጵያም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ድረ-ገጽ ዘወር ማለት መሸሸጊያ አይሆንም። ለውጭ አገር ሠራተኛ ደግሞ ከፍርዱ በተጨማሪ የመኖሪያ ፈቃድን ማጣትና ከአገር መባረር ሊከተል ይችላል። የአንድ ምሽት የማወቅ ጉጉት የአንድን ቤተሰብ የዓመታት ገቢ ሊያቋርጥ ይችላል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ጀማሪዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። በላብ የተማሩትን በመኖሪያ ሕንጻው ዋይፋይ ላይ «ለማየት ብቻ» መሞከር አንዱ ነው። የጓደኛን ወይም የትዳር አጋርን ስልክ በቃል ስምምነት ወይም ያለ ስምምነት መፈተሽ ሌላው ነው። የአሠሪን ኮምፒውተር ለልምምድ መጠቀም ሦስተኛው ነው። በድርጅት ድረ-ገጽ ላይ ክፍተት አይቻለሁ ብሎ «እንዲሸልሙኝ» ማስረጃ መሰብሰብም ያው ነው፤ ድርጅቱ አስቀድሞ ክፍተት ጠቋሚዎችን የሚጋብዝ ፕሮግራም ካላወጀና ወሰኑን ካላስቀመጠ በስተቀር፣ በጎ ሐሳብ ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

ጊዜ፣ ስልክና ቋንቋ

የማሽን ዋጋ እንቅፋት መሆኑ ቢቀንስም ሌሎች እንቅፋቶች አልጠፉም። የመጀመሪያው ጊዜ ነው። በኤምሬትስ እ.ኤ.አ. የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በቀን ደግሞ ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚህም ውስጥ 8 ሰዓቱ ያልተቋረጠ እንዲሆን ደንግጓል። ከእንቅልፍ፣ ከጸሎትና ከቤተሰብ ጥሪ የሚተርፈው ሰዓት ጥቂት ነው። ስለዚህ በቀን አምስት ሰዓት የሚጠይቅ ዕቅድ ገና ከመጀመሪያው የማይሠራ ዕቅድ ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ አርባ አምስት ደቂቃ፣ በዕረፍት ቀን ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚመድብ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ወደ 17 ሰዓት የሚጠጋ ትምህርት ያገኛል። ይህም መጠን ለመግቢያ የሚሆኑትን ክፍሎች ጥሩ አድርጎ ለመጀመር ይበቃል።

ሁለተኛው እንቅፋት ስልክ ነው። አብዛኛው ሠራተኛ ያለው ኮምፒውተር ስልኩ ብቻ ነው። ንባቡንና ጥያቄዎቹን በስልክ መከታተል ይቻላል፤ በትንሽ ስክሪን ላይ የሊኑክስ ትእዛዝ መጻፍና ሁለት መስኮት እያነጻጸሩ መሥራት ግን አድካሚ ነው። ከፍሎ ከመመዝገብ በፊት ያገለገለ ላፕቶፕ መግዛት፣ ወይም ከሁለት ከሦስት ጓደኞች ጋር አንድ ላፕቶፕ በጋራ መያዝ የተሻለ ወጪ ነው። በጋራ ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል አለማስቀመጥ ደግሞ የትምህርቱ የመጀመሪያ ልምምድ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። የላቦቹ ንባብ በአመዛኙ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ የተሟላ ምትክ የለም። ይሁንና ቃላቱ የማያልቁ አይደሉም። በየክፍሉ ተደጋግመው የሚመጡት የሙያ ቃላት ውስን በመሆናቸው፣ ተማሪው በደብተሩ በአንድ ወገን ቃሉን፣ በሌላው ወገን የገባውን ትርጉም በአማርኛ እየጻፈ ቢሄድ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ንባቡ ይቀለዋል። በራሱ ቋንቋ ማስረዳት ያልቻለውን ነገር ገና እንዳልተረዳውም በዚያው ያውቃል።

መሠረት ለሌለው ሰው ሌላ ድጋፍም አለ። ኢትዮጵያ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2024 ያስጀመረችው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ መሠረታዊ ትምህርቶችን በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ያቀርባል። ፕሮግራም እንዴት እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው ፕሮግራም የት እንደሚሳሳት ለመረዳት ግማሹን መንገድ ሄዷል።

የሥራ ገበያው እውነታ

በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን የሚሠራጩ ማስታወቂያዎች «በሦስት ወር የሳይበር ባለሙያ» ይላሉ። የገበያው መረጃ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። አይኤስሲ-ስኩዌርድ የተባለው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት በዓለም ላይ ያለው የሳይበር ደህንነት የሰው ኃይል 5.5 ሚሊዮን ገደማ መሆኑን፣ ድርጅቶች ያስፈልገናል ከሚሉት አንጻር ያለው ጉድለት ደግሞ ወደ 4.8 ሚሊዮን መድረሱን አመልክቷል። ቁጥሩ ሰፊ ዕድል ያለ ያስመስላል። ሆኖም በዚያው ጥናት የሰው ኃይሉ ካለፈው ዓመት የጨመረው በ0.1 በመቶ ብቻ ነበር፤ ለእጥረቱ በምክንያትነት በቀዳሚነት የተጠቀሰውም የባለሙያ አለመገኘት ሳይሆን የበጀት እጥረት ነው። ፍላጎት መኖሩና የቅጥር ማስታወቂያ መኖሩ አንድ አይደሉም።

ከዚህ የተነሣ ለጀማሪ የሚከፈተው የመጀመሪያ በር ብዙውን ጊዜ «ሳይበር ደህንነት» የሚል ስም የለበትም። የኮምፒውተር ድጋፍ ሠራተኛነት፣ የመረብ ቴክኒሻንነት፣ በአንድ ድርጅት ውስጥ የሠራተኞችን የይለፍ ቃልና የመግቢያ ፈቃድ የማስተዳደር ሥራ ወደ ሙያው የሚያስገቡ ደረጃዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የደህንነት ክትትል ማዕከል ተንታኝነት ይከተላል። በላብ የተገኘ የማጠናቀቂያ ምስክር ወረቀት ቀጣሪን ብቻውን አያሳምንም። የበለጠ የሚያሳምነው ተማሪው በፈታቸው ላቦች ላይ በራሱ አነጋገር የጻፈው ማስታወሻ ነው፤ ክፍተቱ ምን ነበር፣ እንዴት ተገኘ፣ እንዴትስ ይዘጋል የሚሉትን የሚመልስ። ሦስተኛው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል፤ ድርጅቶች የሚከፍሉት በሩ ክፍት መሆኑን ከሚነግራቸው ይልቅ በሩን ለሚዘጋላቸው ሰው ነውና።

በባሕረ ሰላጤው ያለ ሠራተኛ ሊዘነጋው የማይገባ ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ። መማር የሥራ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ተከፍሎ መሥራት ግን ይጠይቃል። በአንድ አሠሪ ስም የገባ ሰው ለሌላ ድርጅት በትርፍ ሰዓት ከመሥራቱ በፊት የሚኖርበት አገር የሥራ ሕግ የሚፈልገውን ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል።

በሥልጠና ስም የሚመጣ ወጥመድ

አዲስ ፍላጎት በተፈጠረበት ሁሉ አጭበርባሪ አይጠፋም። «የሰውን ፌስቡክ እንከፍታለን»፣ «ዋትስአፕ መጥለፍ እናስተምራለን» የሚሉ የቴሌግራም ቻናሎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ገንዘብ ተቀብለው ይጠፋሉ። ሌሎቹ በነጻ የሚሰጡት ፕሮግራም ራሱ የተጠቃሚውን ኮምፒውተር የሚሰልል ነው። ሕጋዊ የሥልጠና መድረክ የሌላ ሰውን ሒሳብ ዒላማ አድርጎ አይሰጥም፤ የባንክ የአንድ ጊዜ ማረጋገጫ ቁጥር አይጠይቅም፤ የጸረ-ቫይረስ ጥበቃን አጥፉ ብሎ አያዝዝም። ከእነዚህ አንዱን የሚጠይቅ ሁሉ፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ አስተማሪ አይደለም።

እዚህ ላይ የላቦቹ ጥቅም ሥራ ለማግኘት ካሰቡት አልፎ ለሁሉም ይደርሳል። የሐሰት የባንክ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ በላብ ውስጥ አንድ ጊዜ ያየ ሰው በስልኩ የሚመጣለትን አስመሳይ ሊንክ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል። ደካማ የይለፍ ቃል በሴኮንዶች ውስጥ ሲሰበር የተመለከተ ሰው ለገንዘብ መላኪያ መተግበሪያውና ለኢሜይሉ አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል መጠቀሙን ያቆማል። ለአንድ ወር የደከሙበት ደሞዝ በአንድ የተሳሳተ ንክኪ በሚጠፋበት ዘመን ይህ እውቀት ራሱን የቻለ ደሞዝ ጠባቂ ነው። የተማረው ሰው ለክፍል ጓደኛው፣ ለእኅቱ ወይም አገር ቤት ላለች እናቱ በአማርኛ ሲያስረዳም ጥበቃው ይሰፋል።

ሻሙን የአራምኮን ኮምፒውተሮች ካወደመ ከአሥር ዓመት በላይ አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ማጥቂያው መሣሪያ ተለውጧል፤ መከላከያውም ተለውጧል፤ ትምህርቱም ከተቆለፈ ክፍል ወጥቶ በማንኛውም ብራውዘር ላይ ተቀምጧል። ያልተለወጠው አንድ ነገር ነው። የሰውን በር ከመንካት በፊት የባለቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን የመጀመሪያ ትምህርቱ ያደረገ ሠራተኛ በእጁ ባለው ጥቂት ሰዓትና ባገለገለ ላፕቶፕ መንገዱን መጀመር ይችላል። ይህን የዘለለ ግን የፈታው የላብ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን ገና አልጀመረም።